የፕሮሰሰር ቮልቴጅን በትክክል መከታተል፦ ባዮሱ፣ ሶፍትዌሩና ቴስተሩ ለምን የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ?

ንድፍ ከሱሉልታ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ የመድረኩ አባላት።

የምኖረውም የምሠራውም ሱሉልታ ነው፤ ሥራዬ ለአርክቴክቶች የሕንፃ ምስሎችን በብሌንደር ማዘጋጀት ነው። አንድ ምስል ተሠርቶ እስኪወጣ ድረስ ፕሮሰሰሩ ሁሉንም ኮሮች እያሠራ ለሰዓታት ስለሚቆይና አዲስ ማሽን መግዛት ለጊዜው ከአቅሜ በላይ ስለሆነ፣ ያለኝን ኮምፒውተር ኦቨርክሎክ አድርጌ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን ከተሠራለት ፍጥነት በላይ እያስኬድኩ እጠቀማለሁ። ማሽኑ ባለ 8 ኮር ኢንቴል ኮር አይ7-9700ኬ ሲሆን የተቀመጠውም በዜድ390 ማዘርቦርድ ላይ ነው። በባዮስ (ማሽኑ ሲነሣ በሚከፈተው የቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ሁሉንም ኮሮች በ4.9 ጊጋኸርዝ፣ የኮር ቮልቴጁን በቋሚነት በ1.300 ቮልት፣ ሎድላይን ካሊብሬሽን የሚባለውን፣ ማለትም ጭነት ሲበዛ ቮልቴጁ ምን ያህል እንደሚወርድ የሚወስነውን ማስተካከያ፣ ደግሞ በመካከለኛ ደረጃ ላይ አድርጌዋለሁ።

ችግሬ ፕሮሰሰሩ በእርግጥ ስንት ቮልት እያገኘ እንደሆነ ማወቅ አለመቻሌ ነው። የማሽኑን ንባቦች በሚያሳየው ኤችደብሊውኢንፎ በተባለው ፕሮግራም ቪኮር (የኮር ቮልቴጅ) የሚለውን መስመር ስከታተል፣ ማሽኑ ሥራ ሲፈታ 1.296 ወይም 1.308 ይላል፤ ሬንደር (ምስሉን አስልቶ ማውጣት) ሲጀምር 1.248 ላይ ይወርዳል። ቁጥሩ ሲለወጥም ምንጊዜም በ12 ሚሊቮልት እየዘለለ ነው። ቪአይዲ የሚለው መስመር ከዚህ ጋር የማይገናኝ ሌላ ቁጥር ያሳያል። በኤሌክትሮኒክስ ጥገና የሚተዳደር ወዳጄ ደግሞ ማሽኑ ሬንደር ላይ እያለ ከሶኬቱ ጀርባ ባሉት ካፓሲተሮች ላይ በቴስተር ለክቶ 1.214 አገኘ። በሶፍትዌሩና በቴስተሩ መካከል ያለው ልዩነት 34 ሚሊቮልት ነው፤ ይህ ደግሞ እኔ ቮልቴጅ ስጨምርና ስቀንስ ከምሄድበት እርምጃ በብዙ የሚበልጥ ነው።

ጉዳዩ ያሳሰበኝ ረጅም ሬንደር አልፎ አልፎ በመካከሉ ስለሚቋረጥ ነው። ትንሽ ቮልቴጅ ልጨምር ብል ከየትኛው ቁጥር ተነሥቼ እንደምጨምር አላውቅም። አንዳንድ ሰዎች ምክንያቱ ማታ ማታ በአካባቢያችን የሚታየው የመብራት መዋዠቅ ነው፣ ስታቢላይዘር ግዛ ይሉኛል። ሌሎች ደግሞ ሱሉልታ ብርድ ስለሆነ ስለ ሙቀት አታስብ ይላሉ። የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ፦ የትኛውን ቁጥር ልመን? መብራቱስ በእርግጥ በፕሮሰሰሩ ቮልቴጅ ላይ ለውጥ ያመጣል?

ቦርድ ጠጋኝ ከቃሊቲ

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎን ከነቁጥሮቹ ስላቀረቡ ለመመለስ ይመቻል። ቁጥሮቹ የሚጣሉ ቢመስሉም እያንዳንዳቸው የተወሰዱበት ቦታና መንገድ ስለሚለያይ ነው።

ከቪአይዲ ልጀምር፤ ቪአይዲ ልኬት አይደለም። ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣውን 12 ቮልት ወደ አንድ ቮልት አካባቢ የሚያወርደው የቦርዱ ክፍል ቪአርኤም ይባላል፤ ቪአይዲ ማለት ፕሮሰሰሩ ለዚህ ክፍል «ይህን ያህል ስጠኝ» ብሎ የሚልከው ጥያቄ ነው። እርስዎ በባዮስ ቋሚ ቮልቴጅ ስለመረጡ የሚፈጸመው የእርስዎ ትእዛዝ ነው። ስለዚህ አሁን ባለዎት አሠራር የቪአይዲን መስመር ለውሳኔ አይጠቀሙበት።

ቪኮር የሚለው መስመር ግን እውነተኛ ልኬት ነው፤ ሆኖም የሚለካው ፕሮሰሰሩ አይደለም። በቦርዱ ላይ ሱፐር አይኦ የሚባል ቺፕ አለ፤ የፋን ፍጥነት፣ የሙቀትና የቮልቴጅ ንባቦች የሚሰበሰቡት በእርሱ ነው። ሲፒዩ-ዚ የተባለው ፕሮግራምም ሆነ ኤችደብሊውኢንፎ ቪኮር ብለው የሚያሳዩት በአብዛኛው ከዚህ ቺፕ ያነበቡትን ነው። የቺፑ መለኪያ ሻካራ ስለሆነ እንደ ዓይነቱ በ8፣ በ12 ወይም በ16 ሚሊቮልት ደረጃ ብቻ ይቆጥራል። የእርስዎ ቁጥሮች፣ 1.248ም 1.296ም 1.308ም፣ ሁሉም ለ12 ሚሊቮልት ያለ ቀሪ የሚካፈሉ ናቸው፤ ዝላዩ ከቺፑ የመጣ እንጂ የፕሮሰሰሩ ቮልቴጅ እንዲህ እየዘለለ አይደለም።

ዋናው ቁም ነገር ግን የመለኪያው ሽቦ ከየት ተነሥቶ ወደዚህ ቺፕ እንደሚሄድ ነው። በብዙ ቦርዶች ላይ መስመሩ የሚነሣው ከቪአርኤሙ መውጫ አካባቢ ነው። ፕሮሰሰሩ ከመቶ አምፒር በላይ ሲስብ ከዚያ ቦታ እስከ ሲሊከኑ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ እስካለው ቺፕ) ድረስ ባለው መዳብ፣ በሶኬቱ እግሮችና በፕሮሰሰሩ ማሸጊያ ላይ ቮልቴጅ ይጠፋል። የግማሽ ሚሊኦም ሬዚስታንስ እንኳ በ100 አምፒር 50 ሚሊቮልት ይወስዳል። በታንከሩ ሥር ያለው የውኃ ግፊት ሁሉም ቧንቧ ሲከፈት በመጨረሻው ቤት ካለው ግፊት ጋር እንደማይተካከል ሁሉ፣ በቪአርኤሙ በር ላይ የተነበበውም ቁጥር በጭነት ጊዜ ሲሊከኑ ከሚያገኘው ይበልጣል። ሥራ ሲፈታ ልዩነቱ ይጠፋል፤ ከረንቱ በጨመረ ቁጥር ግን ይሰፋል። ወዳጅዎ የለኩበት ከሶኬቱ ጀርባ ያለው ካፓሲተር ለሲሊከኑ የቀረበ ስለሆነ፣ 1.214 የሚለው ከ1.248 ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል።

ከዚህ ችግር ለመውጣት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ዳይ ሴንስ የሚባለው ነው። ፕሮሰሰሩ ራሱ ከውስጥ የሚወጡ ሁለት የመለኪያ እግሮች አሉት፤ አንዱ ለቮልቴጁ፣ ሌላው ለግራውንዱ። ቪአርኤሙን የሚቆጣጠረው ቺፕ ቮልቴጁን የሚያስተካክለው እነዚህን እግሮች እያየ ነው። ከ2018 ወዲህ የወጡ አንዳንድ ውድ ቦርዶች ሱፐር አይኦውንም ከእነርሱ ጋር አገናኝተውታል። የእርስዎ ቦርድ ይህ ባይኖረውም የቪአርኤሙ መቆጣጠሪያ ቺፕ ራሱ የሚለካውን የሚያሳውቅ ዓይነት ከሆነ፣ ኤችደብሊውኢንፎ ወደ ታች ሲወርዱ በተለየ ክፍል «ቪአር ቪአውት» ብሎ ያሳየዋል፤ በአጠገቡም የከረንት መስመር ይኖራል። እባክዎ መኖሩን አይተው ይንገሩን።

ሁለተኛው ቴስተር ነው፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። በ20 ቮልት ክልል ላይ ርካሽ ቴስተር የሚያሳየው በ10 ሚሊቮልት ደረጃ ስለሆነ፣ ክልሉን ወደ 2 ቮልት ወይም 2000 ሚሊቮልት ዝቅ ያድርጉት። መመሪያው ላይ ስህተቱ 0.5 በመቶ ነው ቢል በ1.2 ቮልት ላይ 6 ሚሊቮልት ነው፤ በዚያ ላይ የመጨረሻው አኃዝ ጥቂት ሊሳሳት ይችላል። የ9 ቮልት ባትሪው የደከመ ቴስተር ከእውነተኛው በላይ ስለሚያነብ ከመለካትዎ በፊት ባትሪውን ይለውጡ። ጥቁሩን ፕሮብ በኬዙ ላሜራ ወይም በፓወር ሰፕላዩ ሽቦ ላይ አያድርጉ፤ ከቀዩ አጠገብ፣ ከዚያው ከካፓሲተሩ የግራውንድ ጫፍ ላይ ያድርጉት። በግራውንዱ መዳብ ላይም ቮልቴጅ ስለሚጠፋ፣ ሩቅ ቦታ የተያዘ ግራውንድ ንባቡን ያዛባል።

አደጋውንም ልንገርዎት፤ ፕሮብ ተንሸራቶ ሁለት ነጥብ ካገናኘ፣ በተለይ 12 ቮልቱን ከኮር ቮልቴጁ ጋር ካገናኘ፣ ፕሮሰሰሩ ያኔውኑ ይሞታል። የፕሮቡን ብረት ከጫፉ በቀር በሙሉ በኢንሱሌሽን ቴፕ ይሸፍኑት። ቦርዱ ለመለኪያ ተብለው የተዘጋጁ ነጥቦች ካሉት ሌላ ቦታ አይንኩ።

ፓወር ሰፕላይ ከለገጣፎ

ስለ መብራቱ እኔ ልመልስ፤ በእኛም ሰፈር ማታ ማታ ስለሚወርድ ጉዳዩን ለክቼ አይቼዋለሁ።

የመስመሩ ቮልቴጅ ከ220 ወደ 190 ቢወርድ በቪኮር ላይ የሚታይ ለውጥ አያመጣም። በመካከላቸው ሁለት የማስተካከያ ደረጃዎች አሉ። ዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ፣ በተለይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል የተጻፈበት፣ የሚገባው ቢለዋወጥም የሚያወጣውን 12 ቮልት ይጠብቃል፤ የኤቲኤክስ ደንብ የሚፈቅደው ልዩነት 5 በመቶ፣ ማለትም ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት ነው። ቪአርኤሙ ደግሞ በሰከንድ መቶ ሺህዎች ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ የራሱን መውጫ ያስተካክላል፤ 12 ቮልቱ 11.8 ቢሆን የሚከፈትበትን ጊዜ በጥቂቱ ያረዝማል እንጂ ለፕሮሰሰሩ የሚሰጠውን አይቀንስም። ስለዚህ ለቮልቴጅ ንባብ መለያየት ብለው ስታቢላይዘር እንዲገዙ አልመክርም። መብራት በድንገት ሲጠፋ ሥራዎ እንዳይበላሽ ዩፒኤስ ቢገዙ ግን ገንዘቡ በቦታው ይውላል።

በኋላው የ115 እና የ230 መምረጫ ያለው የቆየ ፓወር ሰፕላይ ከሆነ ሁኔታው ይለያል። እንዲህ ያለው መስመሩ በጣም ሲወርድ በጭነት ጊዜ ሊንገዳገድ ይችላል፤ ያኔ የሚያዩት ምልክት ግን ማሽኑ በሙሉ መጥፋቱ ወይም እንደገና መነሣቱ ነው። ብሌንደር ብቻውን ተዘግቶ ዊንዶውስ ከቀጠለ ምክንያቱን ከግድግዳው ሶኬት አይፈልጉ። በሶፍትዌር የሚታየውን የ12 ቮልት ንባብም አይመኑት፤ እርሱም በዚያው በሱፐር አይኦ፣ በሬዚስተሮች ተከፋፍሎ የሚነበብ ስለሆነ በጣም ሻካራ ነው።

የግድግዳውን መስመር ራስዎ ሊለኩ ካሰቡ የቴስተሩን መመሪያ ያንብቡ። ብዙዎቹ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 2000 ሜትር ድረስ ብለው ይጽፋሉ፤ ሱሉልታ ደግሞ ከ2500 ሜትር በላይ ነው። አየር ሲሳሳ ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅሙ ስለሚቀንስ ገደቡ የተቀመጠው ለደኅንነት ነው፤ ለ1.2 ቮልት ልኬት ትርጉም የለውም፣ ለ220 ግን ጥራት ያለውን መሣሪያ ይምረጡ።

ስለ ብርዱም አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው፤ ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም የሚያሳልፈው አየር በክብደት ያነሰ ስለሆነ የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል። ብርዱ ጥቂት ይክስልዎታል፤ «ስለ ሙቀት አታስብ» የሚለው ምክር ግን ትክክል አይደለም። ሲሊከን ሲሞቅ የሚያፈስሰው ከረንት ይጨምራል፣ ከረንቱ ሲጨምር ደግሞ ቮልቴጁ ይበልጥ ይወርዳል። ልኬት ሲወስዱ ሬንደሩ ከተጀመረ በኋላ ሙቀቱ እስኪረጋ ድረስ ይጠብቁ።

ንድፍ ከሱሉልታ (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በኤችደብሊውኢንፎ ውስጥ ወደ ታች ወርጄ ስፈልግ «ቪአር ቪአውት» የሚለው መስመር በእርግጥ አለ። ሬንደር ላይ ሙቀቱ ከረጋ በኋላ 1.209 ቮልት ይላል፤ በአጠገቡ ያለው ከረንት 115 አምፒር አካባቢ ነው። ይህ ወዳጄ በቴስተር ካገኘው 1.214 ጋር በጣም የተቀራረበ ነው።

አሁን የቀረኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ 1.300 አዝዤ 1.209 ብቻ የሚደርሰው ከሆነ፣ ሎድላይን ካሊብሬሽኑን ወደ መጨረሻው ደረጃ ከፍ አድርጌ መውረዱን ጨርሶ ባስቀረው ይሻላል? ወይስ 1.300 የሚለውን ራሱን ከፍ ላድርግ?

ራይዘን ከቱሉ ዲምቱ

ዋናውን መልስ ለቃሊቲው ባለሙያ እተዋለሁ፤ ከኢንቴል ይልቅ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር (ራይዘን) ያላቸው አንባቢዎች ግን ከላይ የተባለውን እንዳለ እንዳይወስዱት ጥቂት ልበል።

በኤኤም4 ሶኬት ራይዘን ላይ የሚታየው መስመር «ኤስቪአይ2 ቲኤፍኤን» የሚል ምልክት ያለው የኮር ቮልቴጅ ነው። ይህ ከቪአርኤሙ ወደ ፕሮሰሰሩ የሚመለስ ንባብ ስለሆነ ከሱፐር አይኦው ቪኮር ይበልጥ ይታመናል። ከእርሱ ቀጥሎ በመጣው የኤኤም5 ሶኬት ላይ ተመሳሳዩን ሥራ የሚሠራው ኤስቪአይ3 ነው። ሌላው ጉዳይ መከታተያው ራሱ የሚያመጣው ለውጥ ነው፤ ሶፍትዌሩ ለማንበብ ሲል የተኛ ኮር ይቀሰቅሳል፣ የተቀሰቀሰው ኮርም ለቅጽበት ቮልቴጁን ከፍ ያደርጋል። ራይዘን 3000 በ2019 ሲወጣ ብዙ ሰው «ሥራ ሳይኖረው 1.4 ቮልት ይላል» ብሎ የደነገጠው በአመዛኙ በዚህ ምክንያት እንደነበር ኤኤምዲ ራሱ ያን ጊዜ አስረድቷል። ስለዚህ አንድ መከታተያ ብቻ ይክፈቱ። በኢንቴልም ቢሆን ሁለት ሦስት ፕሮግራሞች ያንኑ ቺፕ በአንድ ጊዜ ሲጠይቁ የተሳሳተ ቁጥር ሊወጣ ይችላል።

ሌላም ሊረሳ የማይገባ ነገር አለ። ከፍተኛው ቮልቴጅ የሚታየው ሁሉም ኮሮች ሲሠሩ አይደለም፤ አንድ ወይም ሁለት ኮር ብቻ በከፍተኛ ፍጥነት በሚሠራበት ቀላል ሥራ ጊዜ ነው። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች የገጠማቸው ጉዳት ከዚህ ጋር የተያያዘ ነበር። ኢንቴል በነሐሴ 2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣው 0ኤክስ129 የተባለው ማይክሮኮድ (ከባዮሱ ጋር የሚመጣ የፕሮሰሰሩ ውስጣዊ ማስተካከያ) ፕሮሰሰሩ ከ1.55 ቮልት በላይ እንዳይጠይቅ ገድቧል። ኤችደብሊውኢንፎ ቅንብሩ ካልተለወጠ የሚያነበው በየ2 ሰከንዱ ስለሆነ፣ በመካከል የሚያልፈውን ከፍታ በአብዛኛው አያየውም። የእነዚህ ትውልዶች ባለቤት የሆነ ሁሉ ከሶፍትዌር ንባብ በፊት ባዮሱን ያድስ።

ቦርድ ጠጋኝ ከቃሊቲ

ወደ ንድፍ ከሱሉልታ ጥያቄ ልመለስ። ያገኙት ቁጥር በጣም ጠቃሚ ነው። ከ1.300 ላይ 1.209 ሲቀነስ 91 ሚሊቮልት ይሆናል፤ ይህን ለ115 አምፒር ሲያካፍሉ 0.8 ሚሊኦም ገደማ ያገኛሉ። የመረጡት መካከለኛ ደረጃ ትክክለኛ ትርጉሙ ይህ ነው። ኢንቴል ለባለ 8 ኮሩ 9ኛ ትውልድ የወሰነው የሎድላይን መጠን 1.6 ሚሊኦም ስለሆነ፣ ቦርድዎ አሁንም በመስፈርቱ ከተፈቀደው መውረድ ግማሹን አስቀርቶልዎታል። መውረዱ የታሰበበት እንጂ ብልሽት አይደለም።

ወደ መጨረሻው ደረጃ እንዲወስዱት አልመክርም፤ በዚህ ላይ ጽኑ አቋም አለኝ። ፕሮሰሰሩ 115 አምፒር እየሳበ ሳለ ሬንደሩ በድንገት ሲያልቅ፣ ቪአርኤሙ በኮይሉ ውስጥ ያለውን ከረንት በዚያው ቅጽበት ማቆም ስለማይችል ትርፉ ወደ ካፓሲተሮቹ ይገባና ቮልቴጁ ለጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ከታዘዘው በላይ ይዘላል። መውረድ በተፈቀደበት አሠራር ዝላዩ የሚነሣው ከ1.209 ስለሆነ ከ1.300 ብዙም አያልፍም። መውረዱ ጨርሶ ከተከለከለ ግን የሚነሣው ከ1.300 ነው። ይህን ሶፍትዌርም ቴስተርም አያሳይዎትም፤ ቴስተር አማካዩን ብቻ ስለሚያነብ የተረጋጋ ቁጥር እያዩ ፕሮሰሰሩ በየጊዜው ሊመታ ይችላል። የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ብቻ ነው።

ደረጃውን ሲያነብቡም ቁጥሩ ከቦርድ ቦርድ እንደሚገለባበጥ ይወቁ፤ በአሱስ ቦርዶች ላይ ትልቁ ቁጥር ጠንካራው ሲሆን፣ በኤምኤስአይና በኤኤስሮክ ላይ 1 የሚለው ነው ጠንካራው። ከአንዱ ቦርድ የተወሰደ ምክር በሌላው ላይ ሲተገበር ፕሮሰሰር የሚጎዳው በዚህ ነው።

የተቋረጠው ሬንደር ምክንያቱ የቮልቴጅ ማነስ ከሆነ፣ ሎድላይኑን እንዳለ ይተዉትና 1.300 የሚለውን በባዮስ ወደ 1.310 ከፍ ያድርጉ፤ ከዚያ በሬንደር ላይ «ቪአር ቪአውት» በዚያው ልክ መጨመሩን ያረጋግጡ። በዚህ መንገድ በጥቂት በጥቂቱ ይሂዱ፤ የኮሮቹ ሙቀት ከ85 ዲግሪ ማለፍ ከጀመረ ግን ቮልቴጅ መጨመሩን ትተው ፍጥነቱን ወደ 4.8 ጊጋኸርዝ ያውርዱት። በኢንቴል ሰነድ ላይ የተጻፈውን 1.52 ቮልት እንደ ግብ አይዩት፤ እርሱ የጥያቄው የመጨረሻ ጣሪያ እንጂ በሙሉ ጭነት ለሰዓታት የሚሠራበት አይደለም።

ወደፊት ከቋሚ ቮልቴጅ ወደ አዳፕቲቭ (ቮልቴጁ የፕሮሰሰሩን ጥያቄ እየተከተለ ወደሚለዋወጥበት አሠራር) ከቀየሩ የቪአይዲ መስመር እንደገና ዋጋ ይኖረዋል። ያኔ በባዮስ ውስጥ ዲሲ ሎድላይን የሚለውን፣ ማለትም ለፕሮሰሰሩ የመውረዱን መጠን የሚነግረውን ቁጥር፣ 0.8 ሚሊኦም ያድርጉት፤ በትክክል ከተገጠመ በሬንደር ጊዜ ቪአይዲና «ቪአር ቪአውት» ተቀራራቢ ቁጥር ያሳያሉ። ኮምፒውተሩ የሚነግርዎት የፕሮሰሰሩ ዋትም የሚሰላው በዚሁ ስለሆነ፣ አሁን ባለዎት ቁጥር 1.209 በ115 ሲባዛ 139 ዋት አካባቢ ማንበብ አለበት። ከዚያ በብዙ የራቀ ዋት ካዩ ዲሲ ሎድላይኑ ገና አልተስተካከለም ማለት ነው፤ ቁጥሮቹን እዚሁ ይጻፉልን፣ አብረን እናየዋለን።